ወርዋሪውና የሸማኔው ጣቶች

አውቶቡሱ የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ማቃሰት ጀመረ፤ ሹፌሩም ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ ኋላ ዞሮ «ወንዶች ውረዱና ግፉ!» ብሎ ጮኸ። ከሃዝልደን ወደ ብራክሊ በተጓዘ ቁጥር እዚያችው ቦታ ላይ የሚያጋጥመው ነገር ስለሆነ ማንም አልተገረመም። ተጫዋቾቹና ደጋፊዎቹ ኮፍያቸውን ወደ ማጅራታቸው ገፋ እያደረጉ፣ የእንጨት ጫማቸውን ኮረኮንቹ ላይ እያንኳኩ ከዚያ ጣራ አልባ አሮጌ አውቶቡስ ወረዱ።

ዳርንሊ ጊተንስም ከጎኔ ሊነሳ ሲል ከታች ባንድ አፍ ተጯጯሁበት።

«አንተ ቁጭ በል!» አለው ካፒቴናችን ሎማክስ፣ ሥጋ ሻጩ።

«ወገቡን እዚህ ከጨረሰው ብራክሊዎችን ማን ሊጥልልህ ነው? አንተ በሥጋ ቢላህ?» አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ።

ጊተንስ ተመልሶ ተቀመጠ። የሸራ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አዩ፣ ሚስስ ፒሊንግ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለመግፋት እንኳ አይፈልጉኝም።»

የ1931 ኦገስት ነበር። ጊተንስ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከባርባዶስ መጥቶ የሃዝልደን ክሪኬት ክለብ ፕሮ ከሆነ ሁለተኛ በጋው። በላንክሻየር ከተሞች እያንዳንዱ ክለብ በደመወዝ የሚያጫውተው አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ፕሮ እንለዋለን። ሌሎቹ አስሩ ሸማኔ፣ ሥጋ ሻጭ፣ ፖስተኛ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ሲወጡ ልብስ ቀይረው ይጫወታሉ። ፕሮው ግን ሜዳውን ይንከባከባል፣ ልጆችን ያሠለጥናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ሳይተካ እስከ መጨረሻው ይወረውራል። በጨዋታው ማስታወቂያ ላይ የኮሚቴ ሰዎች ስም ፊት «ሚስተር» ይጻፋል፤ የፕሮው ስም ፊት ምንም አይጻፍም። እቤቴ ተከራይ ሆኖ የመጣ ዕለት በሩን ከፍቼ «ይግቡ፣ ሚስተር ጊተንስ» ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ አየ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አጠራር ጠርቼው አላውቅም።

በኋላ ጋዜጦች ስለ እሱ ብዙ ጻፉ። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የጣላቸውን መቺዎች ሁሉ እየቆጠሩ አወጡለት። እኔ ግን ስለ ዳርንሊ ጊተንስ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ቅዳሜና የተከተሉት ጥቂት ቀናት ናቸው፤ ሳስባቸውም ምስጋና ይቀድመኛል።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ኮሚቴው ሊሰበሰብ ነበር። ጊተንስን ለከርሞ ያቆዩት እንደሆነ ወይም ያሰናብቱት እንደሆነ የሚወሰነው ያን ዕለት ነው፤ ወሬው ደግሞ ደግ አልነበረም። ፍጥነቱን ማንም አልካደውም። ኳሱ የመቺውን መምቻ ጠርዝ እየነካ ወደ ኋላ ይበራል፤ ስሊፕ በምንለው ቦታ፣ ከመቺው ኋላ በስተጎን የሚቆሙት ልጆቻችን መሬት ሳይነካ ከያዙት መቺው ይወጣል፤ እነሱ ግን ይጥሉታል። የተጣለ ኳስ ደግሞ ለወርዋሪው አይቆጠርለትም። ሰሞኑን የሚያስወጣቸው መቺዎች እየቀነሱ ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ሚስተር ሃዎርዝ «ይኼ ሰው ለእኛ በዝቷል፤ ቀስ ብሎ የሚወረውር እንፈልግ» ማለት ጀምረው ነበር።

«ካሰናበቱኝ ብሪጅታውን ምን እንደሚጠብቀኝ ያውቃሉ?» አለኝ ጊተንስ።

«ነግረውኝ አያውቁም» አልኩት።

«የጌቶች ክለብ ነው የሚጠብቀኝ። በማለዳ ሜዳውን በድንጋይ መዳመጫ እዳምጣለሁ። ጌቶቹ ለልምምድ ሲመጡ እስኪበቃቸው እወረውርላቸዋለሁ። አንዳንዱ ‹ዛሬ ቀስ በል፣ ራሴን አሞኛል› ይለኛል፤ ቀስ እላለሁ። የውድድሩ ቀን ግን ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ ባስተካከልኩት ሜዳ ላይ ሲጫወቱ አያለሁ። የክለቡ ሠራተኛ እንጂ ተጫዋች አይደለሁማ።» ፈገግ አለ። «እዚህ እጫወታለሁ። ግን አብረውኝ አይጫወቱም። ስሊፕ ላይ የሚቆመውን ዊልፍ ኬርሾን ይዩት፤ ምሽት ላይ በልምምድ ስወረውርለት ዝንብ አያመልጠውም። ቅዳሜ ሲሆን ይጥላል። ሆን ብሎ ነው።»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ሚስተር ጊተንስ፣ ዊልፍ እንዴት እንደሚገፋ ይዩልኝ።»

ጎንበስ ብሎ ወደ ታች አየ። ሌሎቹ በመዳፋቸው ሲገፉ ዊልፍ ጀርባውን ለአውቶቡሱ ሰጥቶ፣ ሁለቱንም እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ በትከሻው ነበር የሚገፋው።

«ዊልፍ ቤንት ፋብሪካ አራት የሽመና መኪና ነው የሚያዘው» አልኩት። «ክር ሲበጠስ መኪናው ይቆማል፤ በጣቶቹ ፈልጎ አግኝቶ መቋጠር አለበት። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። አንድ ጣቱ ቢሰበር መቋጠር አይችልም። ዘንድሮ ሥራ የለም፤ በየማለዳው በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሎ አንዱ እስኪታመም ይጠብቃል። በልምምድ ቀን አሮጌ፣ የለሰለሰ ኳስ ነው የሚወረውሩለት፤ ለዚያውም ግማሽ ጉልበትዎን ነው። ቅዳሜ የሚመጣው ድንጋይ ነው፤ እሱ ደግሞ ጓንት የለውም። እጁ ራሱ ነው የሚሸሸው እንጂ እሱ አይደለም። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ደግሞ ይኼን ያህል የሚፈጥን ወርዋሪ አይተን ስለማናውቅ ችግሩ አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ወንድ ልጅ ‹ለጣቴ እፈራለሁ› ብሎ ለማን ይናገራል? ከተማው ሁሉ ያውቃል። ማንም አይናገርም።»

ከፊታችን ካለው ወንበር ላይ የዊልፍ ሚስት ኔሊ ተቀምጣ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ስለተቃረበ አልወረደችም። ሁሉንም ሰምታለች፤ ግን አንገቷን እንኳ አላዞረችም።

ወንዶቹ ተመልሰው ሲሳፈሩ ጊተንስ እስከ ብራክሊ ድረስ የዊልፍን እጆች ሲመለከት ነበር።

እኔ የብራክሊን ሜዳ ካየሁት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከጦርነቱ ያልተመለሰው ባለቤቴ ኤድዊን ድሮ ስሊፕ ላይ ይቆም ነበር፤ እሱ ግን የባንክ ጸሐፊ ነበር፤ ጣቱ ቢያብጥ ብዕሩን በሌላው ይይዝ ነበር። ሣሩ እንደ ድሮው ነው። የክለቡን ቤት አረንጓዴ ቀብተውታል። ከኔሊ ጋር ሜዳው ጠርዝ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ሚስተር ሃዎርዝም የኪስ ሰዓታቸውን ሰንሰለት እያስተካከሉ መጥተው አጠገባችን አረፉ። ሊቀ መንበር ብቻ ሳይሆኑ የቤንት ፋብሪካም ሥራ አስኪያጅ ስለነበሩ ኔሊ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።

መጀመሪያ የመታነው እኛ ነበርን፤ ይህን ያህል የሚያኮራ ነጥብ አላገኘንም። ከሻይ በኋላ ብራክሊዎች ሊመቱ ሲገቡ ጊተንስ ኳሱን ተቀብሎ ከሎማክስ ጋር ማውራት ጀመረ። ሎማክስ እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ፤ ጊተንስ ራሱን ነቀነቀ፤ ሎማክስ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ። በመጨረሻ ስሊፕ ላይ የቆሙት ሁሉ ተበተኑ። ዊልፍ እኛ አጠገብ፣ ሜዳው ጠርዝ ላይ እንዲቆም ተላከ።

ሚስተር ሃዎርዝ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ይኼ ምንድን ነው? ፈጣን ወርዋሪ ያለ ስሊፕ? ልጁ አብዷል እንዴ?»

የብራክሊ ሰዎችም ነገሩ አልጠፋቸውም።

«ጊተንስ! ጓደኞችህ አኮረፉህ እንዴ?»

«ኧረ ተዉት፣ ሽታው ነው ያባረራቸው! ትናንት ሽንኩርት በልቷል!»

«ሃዝልደኖች፣ አጥር ጥበቃ ተቀጠራችሁ?»

ጊተንስ ሰምቶ እንዳልሰማ ወደ መነሻው ሄደ። ሩጫውን ለማያውቅ ሰው መግለጽ ይከብዳል። ሲጀምር ሰው ለመሳፈር የሚሮጥ ይመስላል፤ ቀስ በቀስ ይረዝማል፤ መጨረሻ ላይ የቀኝ ክንዱ ሲዞር አይታይም። የሚሰማው የጫማው ሚስማር መሬቱን ሲቧጥጥ፣ ቀጥሎም ከመቺው ኋላ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች አንዱ ሲነቀል ነው፤ ያኔ መቺው ይወጣል። ያን ዕለት ኳሱን ሁሉ የመቺውን እግር ሥር እያለመ፣ ሦስቱን እንጨቶች ብቻ እያነጣጠረ ወረወረ። ከኋላ የሚይዝለት ሰው ስለሌለ በገዛ ኳሱ እንጨት ከመንቀል በስተቀር መንገድ አልነበረውም። አንዱን ነቀለ። ሌላውንም ነቀለ። ሦስተኛው መቺ ወደ ክለቡ ቤት ሲመለስ እንጨቱን ዞሮ ዞሮ አየው።

ግን ያልተነቀሉትም ነበሩ። ኳሱ የመምቻቸውን ጠርዝ እየነካ ድሮ ዊልፍ በሚቆምበት ባዶ ቦታ ሾልኮ ወደ እኛ ይመጣል፤ በየጊዜው አራት ነጥብ ይሆንላቸዋል። በልማዱ ቢጫወት ኖሮ አንድ መቺ የሚወጣበት ኳስ እሱን ራሱን የሚጎዳ ሆነ። ሚስተር ሃዎርዝ በየአራት ነጥቡ ያቃስታሉ። እኔ አላቃሰትኩም። ማክሰኞ ምን ሊሉ እንደሚችሉ እየሰማሁ፣ እሱ ደግሞ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ እያወቅሁ ተቀመጥኩ። ሲወረውር የሚያርፍበት የግራ እግሩ ካልሲ ደም እንደሚቋጥር አውቃለሁ፤ የማጥበው እኔ ነኝ።

ፀሐይ ወደ ኮረብታው ስታዘነብል የብራክሊ የመጨረሻው መቺ ገባ። እኛ ለማሸነፍ አንድ ሰው ማውጣት ነው የቀረን፤ እነሱ ሰባት ነጥብ። ቀጣዩ ኳስ የመምቻውን ጠርዝ ነክቶ ባዶውን ቦታ ሰንጥቆ ዊልፍ ሳይደርስበት የሜዳውን ጠርዝ አለፈ። ሦስት ቀራቸው። የብራክሊ ሰዎች በእንጨት ጫማቸው መሬቱን ይደበድቡ ጀመር።

ዊልፍ ኳሱን ከወንበራችን ሥር አንሥቶ መልሶ ወረወረ። ከዚያ አልሄደም። ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«ኔሊ፣ ምን ነግረሽው ነው?»

«እኔ ምንም አልነገርኩትም!»

ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ነዎት፣ ሚስስ ፒሊንግ?»

«እኔ ነኝ፣ ዊልፍ።»

«እግዜር ይይልዎት» አለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ከሻይ ጀምሮ እንደ ሕፃን እዚህ ጥግ አስቀመጠኝ። እኔ ደግሞ ምን ሠራሁ ብዬ ሳሰላስል ነው የቆየሁት። ለካ ስለ ጣቴ ብሎ ነው የራሱን ሥራ የሚያበላሸው።»

«ዊልፍ» አለች ኔሊ፣ «እዚሁ ቁም። ዊልፍ! እያናገርኩህ ነው!»

ዊልፍ ግን መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ መሐል መራመድ ጀምሮ ነበር። ማንም ሳይልከው ሄዶ ስሊፕ ላይ ቆመ።

ጊተንስ ከመነሻው ሆኖ አየው። እጁን አወዛወዘ። «ተመለስ!»

«የኔ ቦታ እዚህ ነው» አለ ዊልፍ። ሜዳው ጸጥ ስላለ እኛም ሰማን። «ወርውር!»

«ዊልፍ፣ ተመለስ አልኩህ።»

«አንተ ፕሮ ነህ እንጂ ሚስቴ አይደለህም። ወርውር!»

ሰዉ ሳቀ፤ ኔሊ አልሳቀችም። ጊተንስ ኳሱን ጭኑ ላይ እያሻሸ ቆመ። የሚያስበውን ያወቅሁት መሰለኝ። ቀስ ብሎ ቢወረውር የዊልፍ ጣት ይተርፋል፤ ዊልፍን ግን ሁለተኛ ጊዜ በሰው ፊት ያሳፍረዋል፤ ጨዋታውም ይሄዳል። በሙሉ ኃይሉ ቢወረውር ደግሞ የሚሆነውን ያውቀዋል፤ እኔው ራሴ ነኝ አውቶቡሱ ላይ የነገርኩት።

ሮጠ። ያን ያህል ፈጥኖ ሲሮጥ ከዚያ በፊት አላየሁትም። የመጀመሪያው ኳስ ሁሉን ስቶ አለፈ። ሁለተኛው የመምቻውን ጠርዝ ነካ፤ ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ዊልፍ ወደ ግራው ወደቀ፤ ተጋድሞ ቀረ። ከዚያ ከሣሩ ውስጥ አንድ እጅ ተነሣ፤ ቀዩ ኳስ እጁ ውስጥ ነበር።

ሃዝልደኖች ጮኹ። ሚስተር ሃዎርዝ ፒፓቸው ሣሩ ላይ ወድቆባቸው ረገጡት። ኔሊ ግን ሆዷን ደግፋ ሜዳውን አቋርጣ ትሮጥ ስለነበር ብቻዋን እንዳትወድቅ ተከተልኳት። ስንደርስ ዊልፍ ተቀምጦ ነበር፤ የግራ እጁ ቀለበት ጣት ከመሐሉ ወደ ጎን ታጥፏል።

«ያዝኩት እኮ፣ ኔሊ!» አላት።

«ያዝከው! ሰኞ ምን ትይዛለህ?» ወደ ጊተንስ ዞረች። በቁመት ደረቱ ጋ እንኳ አትደርስም። «አንተስ! እንደዚያ አድርገህ ስትወረውር ይኼን ጣት አላሰብከውም? የልጄ ጉሮሮ እኮ ነው!»

ጊተንስ ዊልፍ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ለገዛ ጣቱ ብሎ ሁልጊዜ ከኪሱ የማያጣትን የጨርቅ ጥቅል አወጣ። ከዚያ ከሦስቱ እንጨቶች አናት ላይ ከሚጋደሙት ትንንሽ ዱላዎች አንዷን አንሥቶ የዊልፍን ጣት ከእሷ ጋር አቀና። ዊልፍ ጥርሱን ነከሰ።

«ኧረ፣ የክለባችን ንብረት ናት!» አለ የብራክሊው ዳኛ።

«ጣቱ ሲድን ከነወለዷ እንመልስልሃለን!» አለው ሎማክስ።

ጊተንስ ጨርቁን ቋጥሮ ሲጨርስ ቀና ሳይል ተናገረ። «ሰኞ እኔ እይዝለታለሁ።»

«ምኑን?» አለች ኔሊ።

«ክሩን። እሱ አጠገቤ ይቁም፤ በደህና እጁ የሚችለውን ይሥራ። የተበጠሰውን እኔ እቋጥራለሁ። ነገ አስተምሪኝ።»

ኔሊ አየችው። እጁን አየች። «በእነዚህ ጣቶች? ክር ነው እኮ፤ የላም ገመድ አይደለም።» ማልቀስ ስትጀምር ግን ሳቅም አብሯት ነበር፤ ሎማክስ መሐረብ ሲያቀብላት የበሬ ደም ስለነካው መልሳ ወረወረችበት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ኔሊ አንድ ጥቅል ነጭ ክር ይዛ ኩሽናዬ ገባች። ልጅ ሳታረግዝ በፊት እሷም አራት መኪና ታዝ ነበር። ሸማኔ ክር የሚቋጥረው ዓይን ሳይከተለው ነው፤ በሁለት ጣት ተቀብሎ፣ በአውራ ጣት አዙሮ፣ በጥርስ ቆርጦ። ጊተንስ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲሞክር ቋጠሮው እንደ አተር ያብጣል።

«ይኼ ጨርቅ ላይ ቢገባ ደንበኛው ሆዱን ያሳክከዋል» ትለዋለች።

«ይኼስ?»

«ይኼ ደግሞ ቋጠሮ አይደለም፣ ጭንቀት ነው። ፍታው።»

ዊልፍ ጥግ ላይ ተቀምጦ የታሰረ ጣቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔንም እንዲህ ነበር የምትለኝ፤ ከዚያ አገባችኝ» ይለዋል። ቤቴ ውስጥ ይህን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ከሳቀ ስንት ጊዜ እንደሆነው አላሰብኩም። ድንችና ሽንኩርት ያለበት የሥጋ ወጥ ሠራሁ፤ አራታችንም ከአንድ ድስት በላን። ሊመሽ ሲል ጊተንስ አንድ ቋጠሮ ቋጠረ፤ ኔሊ በጣቷ ዳብሳ አጣችው። ክሩን ከፊቱ ወስዳ ጥቅሉ ላይ አጠነጠነችው።

በፋብሪካው ደንብ የጨርቁ ልክ እስካልጎደለ ድረስ ሸማኔ ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። ልማዱ ግን የገዛ ልጅን ወይም የእህት ልጅን መያዝ ነው። ሰኞ ማለዳ ዊልፍ ኬርሾ የሃዝልደንን ፕሮ ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ የክፍሉ አለቃ ከእግር እስከ ራሱ አየውና «የእህትህ ልጅ አድጓል» አለው፤ አሳለፈው። በሩ ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች መንገድ ለቀቁ፤ ከመካከላቸው አንዱም ለጊተንስ ኮፍያውን ነካ አደረገለት። ይህን የነገረኝ ዊልፍ ነው። ጊተንስ ማታ ሲመለስ በጥጥ ብናኙ እየሳለ «ቆም ብሎ የሚጠብቅ መቺ ይሻለኛል፤ እነዚህ መኪኖች ዓይን የላቸውም» ብቻ ነበር ያለው።

ማክሰኞ ማታ ኮሚቴው ተሰበሰበ። እዚያ የተባለውን የሚያውቅ የለም፤ ቢያንስ ለእኔ የነገረኝ የለም። ጊተንስ ውጤቱን ሳይጠብቅ ተኛ። በሚቀጥለው ቀን ማለዳ ሠራተኞችን ለመቀስቀስ መስኮት የሚያንኳኳው ሰው ሲመጣ ተነሥቶ ሄደ። ምሳውን ረስቶት ስለነበር የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለበጋው ዝግ ነበርና እኔው ወሰድኩለት።

የሽመናውን ክፍል በር ስከፍት ጩኸቱ ደረቴን መታኝ። መቶ መኪና ባንድ ላይ ይንኳኳል፤ ሰው የገዛ ድምፁን አይሰማም። ለዚህ ነው የእኛ ሸማኔዎች በከንፈር የሚነጋገሩት። ድምፅ ሳያወጡ አፋቸውን እያጎሉ ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ያወራሉ፤ ሰውም ያማሉ፣ ይሳደባሉም። እናቴ ሸማኔ ስለነበረች ከልጅነቴ ጀምሮ አነባለሁ።

ጊተንስ በሩቅ ታየኝ። ሸሚዙን እስከ ክንዱ ጠቅልሎ መኪናው ላይ ጎንብሷል፤ ዊልፍ በደህና እጁ ያሳየዋል። ሚስተር ሃዎርዝ በሌላው በር ገቡ። የክፍሉን አለቃ ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ነገሩት፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ። አለቃው አጠገቡ ላለችው ሴት በከንፈሩ ነገራት። ሴትዮዋ ወደ ቀጣይዋ ዞረች። ከዚያ በኋላ ወሬው ከፊት ወደ ፊት እየተሻገረ በመኪኖቹ መካከል ሲሄድ በዓይኔ ተከተልኩት። አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አነሣ። ወሬው አንዱን ረድፍ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ፤ ጊተንስን አልፎ ሄደ፤ እሱ ክር ይዟል፤ ቀና አላለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ራሱ ነገር ያልሰማ እሱ ብቻ ነበር።

ዊልፍ ሰማ። ትከሻውን መታው። አፉን አጉልቶ ነገረው። ጊተንስ ግንባሩን ቋጠረ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መኪናው ሥር የተበጠሰ ክር መፈለግ ጀመረ። ሴቶቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ፤ ሳቃቸው አይሰማም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ዊልፍ በታሰረ እጁ ክንዱን እንደ ወርዋሪ አዙሮ መሬቱን አመለከተው። ጊተንስ አሁንም አልገባውም። ዙሪያውን የሚያዩትን ፊቶች ሁሉ አየ፤ ፈራ መሰለኝ። ከዚያ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አየኝና ቅንድቡን አነሣ።

ቀስ ብዬ፣ ለልጅ እንደሚነበብ አድርጌ፣ በከንፈሬ «ይቆያሉ» አልኩት።

እጁን ወደ ጆሮው አደረገ። ደገምኩለት። ኤድዊን ከሄደ ወዲህ ያን ቃል ለማንም ብዬ አላውቅም ነበርና አፌ ትንሽ አስቸግሮኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለተኛው ግን ደረሰው። ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚስተር ሃዎርዝን አየ፤ ዊልፍን አየ፤ የዊልፍን ጣት አየ። ምን ማድረግ እንዳለበት ያጣ ሰው ሆኖ ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ፤ ሲያነሣቸው የጥጥ ብናኝ ጉንጩ ላይ ቀርቶ ነበር።

ዊልፍ በክርኑ ጎሸመው። ሦስተኛው መኪና ቆሟል። ጊተንስ ጎንበስ አለና የክሩን ጫፍ መፈለግ ጀመረ።